ያገለገለ መኪና ከዲለር ስትገዙ ከማን ይሻላል? አምስቱን የሻጭ አይነቶች ጎን ለጎን (ለዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ሰዎች)

የአክስቴ ልጅ በዲቪ መጥታ ስድስት ወር እንደሞላት ባስ የማይደርስበት ቦታ ስራ አገኘችና መኪና ግድ ሆነባት። ብቻዋን አንድ ሎት (የመኪና መሸጫ ግቢ) ሄደች፣ ሻጩ መጀመሪያ የጠየቃት "በወር ስንት መክፈል ትችያለሽ?" ብሎ ነው፣ እሷም የዋህ ናት እውነቱን ነገረችው፣ 320 ዶላር አለች። በቃ እዛው አለቀ። 14,000 ዶላር የሚባለውን መኪና በ18 በመቶ ወለድ ለ72 ወር ፈርማ፣ ወርሃዊው 319 ሆኖላት ደስ ብሏት መጣች። ማታ ወረቀቱን ይዤ ስደምረው ጠቅላላ የምትከፍለው ወደ 23,000 ዶላር ነው። ክሬዲት፣ ማለትም የብድር ታሪክ፣ ስላልነበራት ትንሽ ወለድ አታገኝም እሺ፣ ግን ክሬዲት ዩኒየን (የአባላቱ የሆነ ባንክ መሰል ተቋም) ሄዳ በ11 በመቶ ለ60 ወር ብታገኝ ኖሮ ወርሃዊው 304 ነበር የሚሆነው፣ ያነሰ ማለት ነው፣ ያውም አንድ አመት ቀድሞ የሚያልቅ፣ ጠቅላላውም 18,260 ገደማ። ወደ 4,700 ዶላር ልዩነት አለው በአንድ ፊርማ። ይሄን የምጽፈው ሌላ ሰው እንደሷ እንዳይሆን ስለምፈልግ ነው።

እኛ ሀበሾች መኪና ልንገዛ ስንል የምንከራከረው ቶዮታ ይሻላል ሆንዳ ይሻላል በሚለው ነው። እሱም የራሱ ቦታ አለው ግን ያው አንድ አይነት ኮሮላ ከአንዱ ሻጭ ስትገዙት የሚያኖር፣ ከሌላው ስትገዙት የሚያደኸይ ይሆናል። ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው ሻጮቹን ነው።

መጀመሪያ በምን እንለካቸው?

አንደኛው ጠቅላላ ዋጋ ነው፣ እዚህ "አውት ዘ ዶር" የሚሉት፣ ማለትም ታክሱም ታርጋውም ታይትሉም (የባለቤትነት ወረቀቱ) የዲለሩ ፊም (ክፍያም) ሁሉም ገብቶበት ቁልፉን ይዛችሁ የምትወጡበት። ኦንላይን የተለጠፈው ዋጋ እሱ አይደለም። ታክሱ የሚሰላው መኪናውን በምታስመዘግቡበት ቦታ ነው እንጂ በገዛችሁበት አይደለም፣ ቨርጂኒያ 4.15 በመቶ ነው፣ ሜሪላንድ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 6.5 በመቶ ሆኗል፣ ስለዚህ የ14,000 ዶላሩ መኪና አሌክሳንድሪያ ለሚኖር 581፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር 910 ዶላር ታክስ ይጨመርበታል። ዲሲ ደግሞ የመኪናውን ክብደትና የነዳጅ አጠቃቀም እያየ ነው የሚያስከፍለው። ከዛ የዲለሩ ፕሮሰሲንግ ፊ አለ፣ ሜሪላንድ በህግ ጣሪያ አለው፣ ቨርጂኒያ ግን ጣሪያ ስለሌለው ብዙ መቶ ዶላር ነው የሚጨምሩት። ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ በየአመቱ በመኪናው ዋጋ ልክ ለካውንቲው ወይ ለከተማው የሚከፈል ታክስ እንዳለ አትርሱ፣ አዲስ የመጣ ሰው ይሄን ሳያውቅ ቢሉ በፖስታ ሲመጣለት ነው የሚደነግጠው።

ሁለተኛው የመኪናው ታሪክ እና ሜካኒክ አይቶት ወይ አላየውም የሚለው ነው። ሶስተኛው ዋራንቲ። አራተኛው ብድሩ ከየት እንደሚመጣና በስንት ወለድ እንደሆነ። አምስተኛው ደግሞ ሃሳብ ብትቀይሩ መመለስ ትችላላችሁ ወይ የሚለው ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ "ሶስት ቀን አለኝ፣ ካልወደድኩት እመልሳለሁ" ይላል፣ እንደዛ የሚል የፌዴራል ህግ ለዲለር መኪና የለም፣ ዲለሩ በራሱ ፈቃድ በጽሁፍ ካልሰጣችሁ በቀር ከፈረማችሁ ያንተ ነው ያንቺ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚባለው ለዚህ ነው።

1. የብራንድ ዲለር፣ ሰርቲፋይድ መኪና

ይሄ አዲስ መኪና የሚሸጠው የቶዮታ፣ የሆንዳ፣ የሃዩንዳይ ምናምን ዲለር ፋብሪካው ባወጣው ደንብ መርምሮ ዋራንቲ ጨምሮ የሚሸጠው ነው። ጥቅሙ ወረቀት ላይ ይታያል። ለምሳሌ የቶዮታ ሰርቲፋይድ ላይ ሞተርና ትራንስሚሽን መኪናው አዲስ ሆኖ መንገድ ከገባበት ቀን ተቆጥሮ 7 አመት ወይ 100,000 ማይል ድረስ ዋራንቲ አለው፣ ሌላው እቃ ደግሞ 12 ወር ወይ 12,000 ማይል። ልብ በሉ፣ ሰባቱ አመት እናንተ ከገዛችሁበት ቀን አይደለም የሚጀምረው፣ አምስት አመት የሆነውን ብትገዙ የቀራችሁ ሁለት ነው።

ሃዩንዳይ ላይ ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ያ 10 አመት 100,000 ማይል እያሉ የሚያስተዋውቁት የሞተርና ትራንስሚሽን ዋራንቲ የመጀመሪያው ባለቤት ጋ ብቻ ነው የሚቆየው፣ ሁለተኛ ባለቤት ስትሆኑ ወደ 5 አመት 60,000 ማይል ይወርዳል፣ ሰርቲፋይድ ከሆነ ግን ተመልሶ 10 አመት ይሆናል። ስለዚህ ሃዩንዳይ ከሆነ ሰርቲፋይድ የሚለው ቃል እውነተኛ ገንዘብ ነው።

ጉዳቱ ዋጋው ነው። ያው መኪና ሰርቲፋይድ ካልሆነው ጥሩ አድርጎ ይወደዳል፣ 14 ወይ 15 ሺ ዶላር ይዞ ለሄደ ሰው ያን ያህል ምርጫ አይኖርም። አንዳንድ ትንንሽ ሎቶች ደግሞ "ሰርቲፋይድ" ብለው መስታወቱ ላይ ይለጥፋሉ፣ የፋብሪካው ሰርቲፊኬት ካልሆነ ወረቀት ነው በቃ፣ "የማን ሰርቲፋይድ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

2. ያው የብራንድ ዲለር፣ ግን ትሬድ ኢን የገባ ሰርቲፋይድ ያልሆነ

እኔ ብጠየቅ መካከለኛ በጀት ላለው ሰው መጀመሪያ የምልከው እዚህ ነው። ሰው አዲስ ሲገዛ የድሮውን ይተዋል፣ ዲለሩም አርጅቷል ወይ ማይሉ ከፍ ብሏል ብሎ ሰርቲፋይ አያደርገውም፣ ግን ብዙ ጊዜ እዛው ዲለር ሰርቪስ ሲደረግ የኖረ ነው። "የሰርቪስ ታሪኩን አሳዩኝ" ብላችሁ ብትጠይቁ ዘይት መቼ እንደተቀየረ ሳይቀር ሲስተማቸው ውስጥ ሊኖር ይችላል። እንደዛ አይነት መኪና 90,000 ማይል ቢኖረውም 60,000 ሆኖ ታሪኩ ከማይታወቅ ይሻላል እላለሁ።

እዚህ ቤት መጠንቀቅ ያለባችሁ ፋይናንስ ክፍል የሚባለው ውስጥ ስትገቡ ነው። ዋጋ ተስማምታችሁ ደክሟችሁ ቁጭ ስትሉ ጋፕ፣ የተራዘመ ዋራንቲ፣ የቀለም መከላከያ፣ መስታወት ላይ ቁጥር መቅረጽ፣ ጎማ ውስጥ ናይትሮጅን እያለ "በወር 22 ዶላር ብቻ ነው" ይላችኋል። ለ60 ወር 1,320 ዶላር ነው እሱ። ጋፕ ማለት መኪናው ከጥቅም ውጭ ቢሆን ኢንሹራንስ ከሚከፍለው በላይ የቀረባችሁን እዳ የሚሸፍን ነው፣ ትንሽ ዳውን ፔይመንት (ቅድመ ክፍያ) ለሰጠ ሰው ይጠቅማል፣ ግን ኢንሹራንሳችሁ ወይም ክሬዲት ዩኒየናችሁ ጋ ረክሶ ስለሚገኝ መጀመሪያ እዛ ጠይቁ።

3. ዋጋ የማይቀንሱት ትልልቆቹ

ካርማክስ፣ ካርቫና የመሳሰሉት። ዋጋው የተጻፈው ነው፣ ክርክር የለም፣ እንግሊዝኛው ለሚከብደው ወይም መጨቃጨቅ ለማይወድ ሰው እፎይታ ነው። ትልቁ ጥቅማቸው መመለስ መቻሉ ነው፣ ካርቫና 7 ቀን ይሰጣል፣ ካርማክስም የራሱ የመመለሻ ጊዜ አለው፣ የወራት ዋራንቲም ይሰጣሉ። በነዛ ቀናት ውስጥ መኪናውን ወደራሳችሁ ሜካኒክ መውሰድ ትችላላችሁ፣ ይሄ እንዳያመልጣችሁ፣ ሰው መኪናውን ይዞ ዘመድ ሲጠይቅ ይከርምና ቀኑ ያልፍበታል። ዋጋቸው ከሰፈር ሎት ከፍ ይላል፣ ከ12,000 ዶላር በታች ያለውም ትንሽ ነው።

4. ትንሹ የሰፈር ሎት

ሪችመንድ ሃይዌይ ላይ፣ ማናሳስ፣ ሎረል አካባቢ ሃያ ሰላሳ መኪና ደርድረው የሚሸጡት ናቸው። የኛም ሰዎች አሉበት። ጥሩዎቹ ከማንም ይሻላሉ፣ ዋጋ ይቀንሳሉ፣ ስማቸውን ስለሚጠብቁ ችግር ሲመጣም ያዳምጣሉ። መጥፎዎቹ ደግሞ ከጨረታ በርካሽ ያነሱትን አጥበው ሞተሩን አብርተው ያቀርቡላችኋል።

ጨረታ ስል መኪናው እዛ መግዛቱ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ ሁሉም ከዛ ይገዛል፣ ችግሩ የብራንድ ዲለሮቹ ለራሳቸው ያላስቀሩት ብዙ ጊዜ እዛ መሄዱ ነው። ለዚህ እዚህ ቤት ያለ ሜካኒክ መግዛት የለም፣ "ሀበሻ ስለሆነ አያታልለኝም" የሚባል ነገርም የለም፣ እሱ ራሱም መኪናውን በደንብ ላያውቀው ይችላል።

መስታወቱ ላይ "ባየርስ ጋይድ" የሚባል ወረቀት መለጠፍ አለበት፣ የፌዴራል ህግ ነው፣ ዲለር ሁሉ ያደርገዋል። እዛ ላይ "አዝ ኢዝ" የሚለው ሳጥን ምልክት ከተደረገበት ከግቢው እንደወጣችሁ ሞተሩ ቢፈነዳ የእናንተ ነው ማለት ነው፣ ሻጩ በአፉ የነገራችሁ ምንም ዋጋ የለውም። ቨርጂኒያ ይሄን ይፈቅዳል። ሜሪላንድ ግን ከ6 አመት በላይ የቆየና ከ60,000 ማይል በላይ የሄደ ካልሆነ ዲለር አዝ ኢዝ ብሎ እንዲሸጥ አይፈቅድም፣ ድንበር ላይ ለምትኖሩ ይሄ የት እንደምትገዙ ሊያስወስን ይችላል።

5. እዚህ ገዝተህ እዚህ ክፈል

"ክሬዲት የለህም? ችግር የለም" የሚሉት። ባንክም ሻጭም ራሳቸው ናቸው። አዲስ መጤ የሚያርፈው እዚህ ነው፣ ለዛም ነው ልቤ የሚያዝነው። ወለዱ ከፍተኛ ነው፣ መኪናው ከገበያው በላይ ይሸጣል፣ አንዳንዶቹ ጂፒኤስና ሞተር የሚያጠፋ መሳሪያ ያስገቡበታል፣ ክፍያ ካለፈ ጠዋት ወደ ስራ ልትሄዱ ስትሉ አይነሳም። ከዛ በላይ የሚያበሳጨው ብዙዎቹ በሰአቱ ስትከፍሉ ለክሬዲት ቢሮዎች ሪፖርት አያደርጉም፣ ስለዚህ ሶስት አመት በታማኝነት ከፍላችሁም ክሬዲታችሁ አልተሰራም።

ሌላ መንገድ ሁሉ ካልተዘጋ እዚህ አትግቡ። ሌላ መንገድ ደግሞ አለ። አንደኛ፣ ክሬዲት ዩኒየን አካውንት ከፍታችሁ "ለመጀመሪያ ጊዜ ገዢ" የሚል ሎን አላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ እቁብ። እቁብ ገብታችሁ 5 ወይ 6 ሺ ዶላር ሲደርሳችሁ ጥሩ የተያዘ አሮጌ መኪና በካሽ መግዛት ከዚህ ቤት ይሻላል፣ እስከዛው ከስራ ባልደረባ ጋር ነዳጅ ተካፍሎ መሄድ ይቻላል።

ሶስተኛው ዘመድ ኮሳይን እንዲያደርግ ነው፣ እዚህ ላይ ግን በግልጽ እንነጋገር። ኮሳይን ማድረግ ምስክር መሆን አይደለም፣ ዋስ ነው፣ እሱ ካልከፈለ እናንተ ትከፍላላችሁ፣ አንድ ወር ቢያልፍ የእናንተም ክሬዲት ይወድቃል፣ በኋላ ቤት ልትገዙ ስትሉ ያ እዳ እንደራሳችሁ ይቆጠራል። በይሉኝታ የሚፈረም ነገር አይደለም። የምትፈርሙ ከሆነ የሎኑ አካውንት ውስጥ ገብታችሁ በየወሩ ማየት እንድትችሉ አድርጉ፣ የሚፈረምለትም ሰው ይሄን ሲጠየቅ ቅር አይበለው።

ሜካኒክ፣ ከሁሉም ቤት

ከየትም ብትገዙ ከመፈረማችሁ በፊት የራሳችሁ ሜካኒክ ይየው፣ ከ150 እስከ 250 ዶላር ይጠይቃል። "ኢንስፔክሽን አልፏል" ቢሏችሁ ያ ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማ ነው የሚያየው እንጂ ሞተሩና ትራንስሚሽኑ ጤነኛ ነው አይልም። ዲለሩ ለሜካኒክ አላስወስድም ካለ አመስግናችሁ ውጡ፣ ሌላ ምክንያት አያስፈልግም።

ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲጠብቃችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ጠዋት ሲነሳ የሚያሰማው ድምጽ ሞቆ አይሰማም። ሜካኒኩ ኮምፒውተር ሲሰካ ቼክ ኢንጂን መብራቱን ብቻ እንዳያይ፣ መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ሞኒተሮች "ዝግጁ" ናቸው ወይ ብላችሁ ጠይቁት፣ አብዛኞቹ ዝግጁ አይደሉም ካለ በቅርብ ቀን ኮዱን አጥፍተውታል ወይ ባትሪ ነቅለዋል ማለት ነው። የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት፣ ጭቃ ወይ የውሃ መስመር ካለበት ጎርፍ ገብቶበታል። ጎማው ላይ ያለውን አራት ቁጥር አንብቡ፣ 2319 ካለ በ2019 ሃያ ሶስተኛው ሳምንት ተሰራ ማለት ነው፣ አራት ጎማ መቀየር ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ካርፋክስ (የመኪናውን ታሪክ የሚያሳይ ሪፖርት) እዩ፣ ግን ንጹህ ካርፋክስ ማለት አልተጋጨም ማለት አይደለም፣ አደጋው ካልተመዘገበ አይወጣም። የቪን ነምበሩን (የመኪናውን መለያ ቁጥር) የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መስሪያ ቤት (ኤንኤችቲኤስኤ) ገጽ ላይ አስገብታችሁ ያልተሰራ ሪኮል (ፋብሪካው በነጻ እንዲጠገን የጠራው ጉድለት) እንዳለው በነጻ ማየት ትችላላችሁ።

ስለ ሞዴል አንድ ሁለት ብቻ ልበል። ከ2013 እስከ 2016 ያለው የኒሳን አልቲማ ሲቪቲ የሚባለው አውቶማቲክ ትራንስሚሽን ኩባንያው ራሱ ዋራንቲውን ወደ 84 ወር ወይ 84,000 ማይል ያራዘመበት ነው፣ አሁን ያም አልፎበታል። ከ2012 እስከ 2016 ያለው የፎርድ ፎከስ አውቶማቲክም በትራንስሚሽኑ ብዙ ሰው አስለቅሷል። እነዚህ ሎት ላይ ረክሰው የምታዩዋቸው ያለምክንያት አይደለም። ከ2011 እስከ 2022 ያሉ ቁልፍ አስገብተው የሚነሱ ብዙ ኪያና ሃዩንዳይ ደግሞ ሌባ በቀላሉ ስለሚያስነሳቸው ከመግዛታችሁ በፊት በቪን ነምበሩ ኢንሹራንስ አስጠይቁ፣ እንዲያውም ለየትኛውም መኪና እንደዛ አድርጉ፣ ሎን ካለበት ፉል ከቨሬጅ (የራሳችሁንም መኪና ጉዳት የሚሸፍን ኢንሹራንስ) ግዴታ ነው፣ ከመኪናው ክፍያ የማይተናነስ ኢንሹራንስ የመጣባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

በአጭሩ ሲታይ

| ሻጭ | ዋጋ | ዋራንቲ | መመለስ | ብድር | ትልቁ አደጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| ብራንድ ዲለር፣ ሰርቲፋይድ | ውድ | የፋብሪካ | ብዙ ጊዜ የለም | ጥሩ ክሬዲት ላለው ዝቅ ያለ | ከበጀት በላይ መሄድ |
| ብራንድ ዲለር፣ ትሬድ ኢን | መካከለኛ | ትንሽ ወይም የለም | የለም | በባንክ፣ ወለድ ሊጨምሩበት ይችላሉ | ፋይናንስ ክፍል የሚጨመሩ ነገሮች |
| ትልልቆቹ ሰንሰለቶች | ከመካከለኛ በላይ | የወራት | አለ | የራሳቸውም የውጭም | የመመለሻ ቀኑን ማሳለፍ |
| የሰፈር ሎት | ርካሽ፣ ይቀንሳል | ብዙ ጊዜ አዝ ኢዝ | የለም | ከፍ ያለ | የተደበቀ ብልሽት |
| እዚህ ገዝተህ እዚህ ክፈል | ከገበያው በላይ | የለም ወይም ትንሽ | የለም | በጣም ከፍተኛ | ገንዘቡም መኪናውም መሄድ |

ማን የት ይሂድ

ከ8,000 ዶላር በታች ካላችሁ ሎን አትግቡ፣ በካሽ፣ የሰፈር ሎት ወይ የብራንድ ዲለር ትሬድ ኢን፣ ከእጃችሁም 1,000 ዶላር ለጎማና ለፍሬን ይቅር፣ ሁሉንም መኪናው ላይ አትጨርሱ።

ከ10 እስከ 15 ሺ ያላችሁ ቁጥር ሁለት ለእናንተ ነው። መጀመሪያ ግን ክሬዲት ዩኒየን ሄዳችሁ ፕሪ አፕሩቭድ ሆናችሁ (ብድሩ አስቀድሞ ተፈቅዶላችሁ) ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ። ዲለሩ ባንኩ ከሰጠው ወለድ ላይ የራሱን ጨምሮ ሊሸጥላችሁ ይችላል፣ የእናንተ ወረቀት ካለ ወይ ያሸንፈዋል ወይ ዝም ይላል። በወር ስንት ትችላላችሁ ሲሏችሁ "በወር አላወራም፣ አውት ዘ ዶር ፕራይሱን በጽሁፍ ላክልኝ" በሉ፣ ለሶስት ዲለር በቴክስት ላኩት፣ መልስ ያልሰጠው ጋ አትሂዱ። ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል ሰው የታክስ ሪፈንዱን ይዞ ስለሚወጣ ከቻላችሁ ያን ጊዜ እለፉት።

ከ18 ሺ በላይ ላላችሁና መበላሸት ለማይመቻችሁ፣ ልጆች ለምታመላልሱ፣ ሰርቲፋይድ ወይ ትልልቆቹ ጋ ሂዱ፣ እንቅልፍም ዋጋ አለው።

ኡበር ለምትሰሩ ሳልቬጅ ወይ ሪቢልት ታይትል ያለው (በኢንሹራንስ ከጥቅም ውጭ ተብሎ የነበረ ወይ ከዛ በኋላ የተጠገነ) መኪና ኡበር አይቀበልም፣ ርካሽ ነው ብላችሁ ገዝታችሁ እንዳትቀሩ። ፕሪየስ ወይ ሌላ የቶዮታ ሃይብሪድ ከሆነ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ያለው የሃይብሪድ ባትሪ ዋራንቲ 10 አመት ወይ 150,000 ማይል ነው፣ ከዛ በፊት ያለው 8 አመት 100,000 ማይል ነበር፣ ቀን ሙሉ ለሚነዳ ሰው 2019ን ትቶ 2020ን መፈለግ ያዋጣል።

ከፈረማችሁ በኋላ ያያችሁት ከሆነ

ለአክስቴ ልጅ ያደረግነውን ልንገራችሁ። የተራዘመ ዋራንቲና ጋፕ አስገብተውላት ነበር፣ እነዚህ ብዙ ጊዜ ይሰረዛሉ፣ ኮንትራቱ ላይ ያለውን የመሰረዣ አድራሻ ፈልገን በጽሁፍ ላክን፣ የቀረው ተሰልቶ ከእዳዋ ተቀነሰ። ከዛ አስር ወር ያለምንም ማሳለፍ ከፈለች፣ አንድ ትንሽ ክሬዲት ካርድ ነዳጅ ብቻ እየቀዳችበት በየወሩ ጨርሳ እየከፈለች ቆየች፣ ከዛ ክሬዲት ዩኒየን ሄደን ሎኑን ሪፋይናንስ አደረግነው (በአዲስ ብድር ተካነው)፣ ወለዱ ከ18 ወደ 10 ወረደ። አንዳንድ ዲለር ደግሞ መኪናውን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከሳምንት በኋላ "ሎኑ አልጸደቀም፣ ኑና ሌላ ወረቀት ፈርሙ" ይላል፣ እንደዛ ከደወሉላችሁ በከፋ ወለድ ለመፈረም አትጣደፉ፣ "ባንኩ አልቀበልም ያለበትን በጽሁፍ አሳዩኝ" በሉ፣ ካልተስማማችሁ መኪናውን መልሳችሁ ዳውን ፔይመንታችሁን ጠይቁ፣ ስትሄዱም እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ቁልፉን የምታስረክቡት ገንዘባችሁ እጃችሁ ሲገባ ነው።